የጀልባ ማስያዣውና የሎግህ መስመር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው? ከስንት ዘመን በኋላ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ደስታዬን አልደብቅህም። እዚህ ባሕር ዳር ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የኑሮውን ወሬ ስትመጣ እናወጋዋለን፤ አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ልግባ።

ለዘጌ ጀልባ ማስያዣ ድረ ገጽህ «ሎጉ ምንም አይነግረኝም» ያልኸው እውነት ነው፤ ሎግ ያልነው ሰርቨሩ የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ በየመስመሩ የሚመዘግብበት ፋይል ነው። ማስያዣው ሁሉ በአንድ አድራሻ ስለሚገባ ወንበር ያገኘውም፣ «ጀልባው ሞልቷል» የተባለውም ሎጉ ላይ እኩል 200 (ጥያቄው በደህና ተመልሷል የሚል ቁጥር) ነው። ዌብ ሰርቨሩ ውስጡን አያውቅም፤ የሚያውቀው ኮድህ ነው። ስለዚህ ኮድህ ያወቀውን ለሰርቨሩ ያቀብል፣ ሰርቨሩም እዚያው መስመር ላይ ይጻፈው። ሌላ ፋይል ከፍተህ በሰዓት ከማመሳከር ይህ እጅግ ይሻላል፤ አይፒው (የጠያቂው የኢንተርኔት አድራሻ)፣ የፈጀው ጊዜና ውጤቱ አብረው ይገኛሉ።

አንተ ዘንድ ያለው ዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ፣ ከፒኤችፒ ኤፍፒኤም (የፒኤችፒ ኮድህን ለብቻው ከሚያስኬደው ፕሮግራም) ጋር ስለሆነ መንገዱ የመልስ ሄደር፣ ማለትም ከገጹ ይዘት ቀድሞ የሚላክ አጭር መረጃ ነው። ኮዱ «ኤክስ-ሎግ-ኖት» የሚል ሄደር ይላክ፤ ዋጋው አጭር የውጤት ኮድና የማስያዣው ቁጥር ይሁን። ከዚያ በኮንፊጉ (በሰርቨሩ የቅንብር ፋይል) የሎግ መስመሩን ቅርጽ በሚወስነው በሎግ ፎርማቱ ውስጥ የዶላር ምልክት፣ ቀጥሎ «አፕስትሪም_ኤችቲቲፒ_ኤክስ_ሎግ_ኖት» ትጨምራለህ፤ ሁሉም በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ የሄደሩ ሰረዝ ወደ ታች ሰረዝ ተለውጦ። ሄደሩ ተሳፋሪው ስልክ ድረስ እንዳይሄድ «ፋስትሲጂአይ_ሃይድ_ሄደር» ብለህ ደብቀው። ከደንበኛው ቢደበቅም ለሎጉ ይነበባል፤ ዘዴውን የምወድለት ለዚህ ነው።

ሎግ ፎርማት የሚቀመጠው ኤችቲቲፒ በሚባለው የኮንፊጉ ክፍል (ብሎክ) ውስጥ ብቻ ነው። ሎጉ የት እንደሚጻፍ የሚያዘው «አክሰስ_ሎግ» ግን ውስጥ ባለ ብሎክ ከተጻፈ የውጭውን ይሽረዋል፤ «ጻፍኩት ግን አይወጣም» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሌላው፣ ሄደር ከገጹ ይዘት በፊት መሄድ አለበት። አንድ ቃል እንኳ ወደ ደንበኛው ካለፈ በኋላ ሄደር ልጨምር ብትል ፒኤችፒ አይቀበልህም። ውጤቱ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ከሆነ የገጹን ይዘት እስኪያልቅ ሳትልክ ቋት (በፈር) ውስጥ ያዘው።

አሁን ደግሞ የኛ የአማርኛ ጸሐፊዎች ጣጣ። ኤንጂንኤክስ እንዳለ ከተተወ ከ126 በላይ የሆነን ባይት ሁሉ በአራት ምልክት ይተካዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የፊደል ኮድ አሰጣጥ) ሦስት ባይት ስለሆነ 12 ምልክት ይሆናል፤ «ዘጌ» ብቻዋን 24 ትወስዳለች፣ ፈልገህም አታገኛትም። ከኤንጂንኤክስ 1.11.8 ጀምሮ የሎግ ፎርማቱን «ኤስኬፕ» (የልዩ ምልክቶች አጻጻፍ ምርጫ) ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ስልት ብታደርገው ፊደሉ እንዳለ ይወጣል። ጥቅሱንና ጥምዝ ቅንፉን ግን ራስህ ትጽፋለህ፤ ባዶ ዋጋም ሰረዝ ሳይሆን ባዶ ሆኖ ይወጣል። ለኔ ግን አጭር የላቲን ኮድ ይበልጣል። የተሳፋሪን ስምና ስልክ ሎግ ውስጥ በፍጹም አታስገባ፤ ሎግ ብዙ እጅ ያልፋል።

በተለመደው ፎርማት ቦታው ላይ ሰረዝ ካየህ ሄደሩ አልመጣም ማለት ነው። ለሥዕልና ለመሰል ፋይሎች ደንብ ነው፤ ከ502 ወይም ከ504 የስህተት ቁጥር ጎን ከሆነ ግን ፒኤችፒው ሳይመልስ ቀርቷልና እሱን ተከታተል።

የድሮው ሰርቨርህ አፓቼ (ሌላው ዌብ ሰርቨር) ከሆነና ፒኤችፒ እንደ ሞጁል ውስጡ ካለ፣ ውጤቱን ኖት በሚባለው የአፓቼ የውስጥ ማስታወሻ የሚያኖረው «አፓቼ_ኖት» የሚለው የፒኤችፒ ፈንክሽን ይበቃል፤ ሎግ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ገጹ ከተላከ በኋላም ይሠራል። በኤፍፒኤም ግን ፈንክሽኑ የለም። ያኔ ከ2.4.7 ወዲህ ባለው አፓቼ «ሄደር ኖት» በሚለው ትእዛዝ ሄደሩን ወደ ኖት ቅዳና፣ ከሱ በታች በ«አንሴት» አጥፋው።

ሰርቨሩ ኮንፊጉን እንደገና እንዲያነብ (ሪሎድ) ከማድረግህ በፊት ኮንፊጉን በ«ቲ» አማራጭ ፈትሽ። አልሠራ ካለህ የሎግ ፎርማትህን መስመር ከሁለት ሦስት የሎግ መስመር ጋር ላክልኝ፣ አየዋለሁ። እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከባሕር ዳር