ለሰናይት፣ ስለ ሕፃኑ

ሰናይትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ስለጠፋሁ ይቅር በይኝ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ። የእህትሽ ልጅ የዘረመል ምርመራ ውጤት «ሲኤችዲ7» በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ አለ ብሎ መምጣቱን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አስቀድመሽ እህትሽን አጽናኚልኝ። በእርግዝናዋ የበላችው ወይም የሠራችው ነገር ያመጣው አይደለም። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ በልጁ የሚጀምር እንጂ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም። ቢሆንም ሁለቱም ወላጆች ይመርመሩ። ነፃ ቢባሉም ለሚቀጥለው ልጅ ከ1 እስከ 2 በመቶ ስጋት ይቀራል፤ ለውጡ በአንዱ ወላጅ ጥቂት የዘር ሕዋሳት (እንቁላል ወይም የወንድ ዘር) ውስጥ ሊደበቅ ይችላልና።

«አንድ ጂን እንዴት ይህን ሁሉ ያደርጋል?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ዲኤንኤ፣ ፈትል በቀሰም ላይ እንደሚጠመጠም፣ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ይቀመጣል። ከዚህ ጂን የሚሠራው ሲኤችዲ7 የሚባለው ፕሮቲን ኤቲፒ ከሚባለው የሕዋስ ነዳጅ በሚያገኘው ጉልበት ጥቅሉን ገፋ ያደርግና ጂኖቹ እንዲነበቡ ቦታ ይከፍታል። ከጂኑ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ የቀረው አይበቃም። ጽንሱ ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብና አፍንጫ በሚሠራበት ሰሞን ስለሚጎድል ጉዳቱ ብዙ ቦታ ያርፋል። ቻርጅ ሲንድሮም የሚሉት ይህን ነው፤ ጂኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

የሚያስጨንቀኝ ግን አተነፋፈሱና አመጋገቡ ነው። ቀጭን ቱቦ በሁለቱም አፍንጫው አሳልፈው አይተዋል? ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ከቆመ የኋላው መተላለፊያ ተደፍኗል ማለት ነው። ሁለቱም የተደፈነበት አራስ ዝም ሲል ይጠቁራል፣ ሲያለቅስ ይቀላል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ግን ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሲጠባ ትን ካለው ወይም ደረቱን ደጋግሞ ካመመው ወተቱ ወደ ሳንባው እየገባ እንደሆነ ይታይ።

የልብ ኢኮና የኩላሊት አልትራሳውንድ አይቅሩ። ዓይኑም ጠብታ ተደርጎለት ከውስጥ ይታይ፤ የሬቲና (በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ጉድለት ከውጭ አይታወቅም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እንዴት ብዬ እንደማነሳው ግራ ቢገባኝም፦ ወንድ ስለሆነ የጉርምስና ሆርሞን ጉድለት እንዳለበት የሚያሳየው የደም ምርመራ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ዕድሜው ይሠራለት። ያ ጊዜ ካለፈ ጉድለቱን እስከ ጉርምስና ድረስ በደም መለየት ያስቸግራል።

ሚዛን የሚጠብቁት የውስጥ ጆሮ ቱቦዎች ብዙ ጊዜ ስለሚጎድሉ አንገቱን ማቅናትም መራመድም ሊዘገይበት ይችላል። መስማቱና ማየቱ በደንብ ሳይለካ «አእምሮው ዘገምተኛ ነው» የሚል ካለ አትቀበዪ። መቼም አንቺን የሚረታ የለም፤ እንደ ድሮሽ አፋጥጫቸው!

የላቦራቶሪውን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የለውጡን ዓይነት ራሴ ማየት እፈልጋለሁ።