የሪችመንዱ አሮጌ ቤት የእውነት ነው ወይ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው የሪችመንድ (ቨርጂኒያ) ጉዞ፣ አግክሮፍት ሆል በሚባለው አሮጌ ቤት ሙዚየም ደጃፍ ላይ አንዲት እናት «ይሄ የእንግሊዙን አስመስለው የሠሩት ነው አይደል?» ብለው ጠየቁን። መመለሻ ሰዓት ደርሶ ስለነበር በቅጡ ሳናስረዳቸው ቀረን፤ ቅር ብሎናል።

እማማ፣ አስመስለው የሠሩት አይደለም። የመጣው ቤቱ ራሱ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ እንግሊዝ አገር ማንቸስተር አጠገብ ነው የተሠራው፤ የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ገና ከ100 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። በኋላ አካባቢው በድንጋይ ከሰል ጉድጓድና በባቡር ሐዲድ ተከበበ፣ ቤቱም እየተጎዳ ሄደ፣ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ለጨረታ ቀረበ። ቶማስ ዊሊያምስ የሚባል የሪችመንድ ባለሀብት ገዛው፣ አስፈታው፣ በሳጥን አሳሽጎ በመርከብ አትላንቲክን አሻገረው።

ቤት እንዴት ይፈታል ትሉ ይሆናል። አጥንቱ ወፍራም የኦክ እንጨት ነው። የዚያን ዘመን አናጢ እንጨቱን ከእንጨት የሚያያይዘው በብረት ሚስማር ሳይሆን በእንጨት ችንካር ስለነበር፣ ችንካሩ ሲመታ ይወጣል፣ ቋሚና አግዳሚው ይለያያል። በእንጨቶቹ መሃል ያለውን ክፍተት ደግሞ በጭቃ ነበር የሚሞሉት፣ ልክ እንደኛ አገር ጭቃ ቤት። ጭቃ መርከብ ላይ አይጫንም፤ እንጨት ግን ይጫናል። ስለዚህ ስትሄዱ ዓይናችሁን ጥቁሩ እንጨት ላይ አድርጉ።

አንድ ነገር ግን አንደብቅም፤ ክፍሎቹ እንደ ድሮው አልተደረደሩም። ዊሊያምስ ሊኖርበት ስለፈለገ ለራሱ እንዲመች አድርጎ ነው ያሠራው።

እንግሊዞቹ ቅርሳችን ሊወጣ ነው ብለው ጉዳዩን ፓርላማቸው ድረስ አድርሰውት ነበር። የመቅደላ ቅርስ የሚያንገበግበን እኛ ይህ ስሜት ይገባናል። ልዩነቱ ይሄኛው በጨረታ የተሸጠ መሆኑ ነው፣ ደግሞም እዚያው ቢቀር የሚተርፍ አይመስለንም።

ቤቱ በ1928 አለቀ፤ ዊሊያምስ ግን ብዙም ሳይኖርበት በ1929 ሞተ። በኑዛዜው መሠረት ሙዚየም ሆኖ በ1969 ለሕዝብ ተከፈተ።

ከዲሲ 100 ማይል ያህል ስለሆነ ከአሁን በኋላ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንነሳለን። ጄምስ ወንዝን ቁልቁል የሚያየው አትክልት ቦታ ብቻውን ሰዓት ይፈልጋል። እማማም ድጋሚ ቢመጡልን ደስ ይለናል፣ ፊት ወንበር ይዘንላቸዋል።

የጉዞ ቡድናችሁ