ወደ ተራራው ነው ያዞርሽው

ሶስዬ፣

እንደምን ነሽ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? የባለቤትሽስ ጉልበት ተሻለው? ስለ ዝምታዬ ይቅር በይኝ። የሌሊት ፈረቃ፣ ቤት መቀየር፣ ምናምን ብዬ ልደረድርልሽ እችል ነበር። አንቺ ግን ሰበብ ከሩቁ ይሸትሻል። ጠፍቻለሁ፣ ማሪኝ። አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። ትናንት የገባኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠኝ አድሯል፤ ካንቺ ሌላ የምነግረው ሰው ደግሞ የለኝም።

ያለሁት ፈረንሳይ ነው። ብቻዬን፣ በኪራይ መኪና፣ ተራራ ላይ የተሰቀሉ መንደሮችን እያየሁ። አዎ፣ የምነዳው እኔ ነኝ። ቁጭ በይና አንብቢ።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አምና ኑረምበርግ ነው። የጽሑፍ ፈተናው 30 ጥያቄ አለው። አማርኛ ስለሌለው በጀርመንኛ ተፈተንኩ። የመንገዱ ፈተና 55 ደቂቃ ይፈጃል። ሳልፍ መጀመሪያ ልደውልልሽ የፈለግኩት ላንቺ ነበር። ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ልጀምር? በኔና ባንቺ መካከል የመኪና ወሬ ሲነሳ የት እንደሚደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። ከጣርማ በሩ አደጋ በኋላ አንቺ መሪ አልያዝሽም፤ እኔም ስለዚያ ቀን አንስቼብሽ አላውቅም።

ለማንኛውም፣ እረፍት ስወጣ ወደ ቱሉዝ በረርኩ። የኛ አየር መንገድ ኤ350 አውሮፕላኖቹን የሚረከበው ከዚያ ነው፣ ኤርባስ ከተማው ውስጥ ስለሚገጣጥማቸው። መኪናዋን ስረከብ ጭረቷን ሁሉ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ለማስያዣ ከክሬዲት ካርዴ ላይ ብር ያዙ፤ በተራ የባንክ ካርድ ብዙ ቦታ አይሆንም። ስትመጪ የምትፈልጊው ስለሆነ ነው የምነግርሽ። (አዎ፣ ትመጫለሽ። እደርስበታለሁ።) መኪናዋ ትንሽ ናት፣ በእጅ ማርሽ። አውቶማቲክ ነበር፣ ግን ውድ ነው። ደግሞም በእጄ ልያዘው ብዬ ነው የወሰንኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ኮርድ ሱር ሲየል ነው። በ1222 በእነሱ አቆጣጠር የቱሉዙ መስፍን ሬይሞን 7ኛ ኮረብታ አናት ላይ የቆረቆራት ናት። መኪናውን ከታች ታቆሚና በድንጋይ ንጣፉ ዳገት እያለከለክሽ ትወጫለሽ። አንዳንድ ጠዋት ሸለቆው በጉም ይሞላል፤ ከላይ መንደሯ ብቻዋን ትቀራለች። ጉሙን ሳይ ምን ትዝ እንዳለኝ አልነግርሽም።

ከዚያ ናዣክ። ናዣክን ብታዪያት! አንድ ረጅም መንገድ በቀጭን የተራራ ጀርባ ላይ ይሄዳል፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፣ መጨረሻው ላይ ምሽግ ቆሟል። ከታች የአቬይሮን ወንዝ ይዞራታል። የተጎለተ ሰው የለም፣ ጫጫታ የለም። ምሳ ግን ቶሎ ብዪ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ብዙ ቤት አያስተናግድም። አሊጎ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ድንችና ትኩስ አይብ አብሮ ይመታና በማንኪያ ስታነሺው እስከ ጭንቅላትሽ ድረስ ይሳባል። አንቺ ደግሞ አይብ ስታዪ ማን ያስቆምሻል!

የመንገዱ ሕግ መጀመሪያ አስጨንቆኝ ነበር። መንደር ውስጥ ምልክት ከሌለ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ከአንዲት ጠባብ ቅያስ ብቅ የሚል ሽማግሌ እንኳ ወደ ግራ ሳያይ ይወጣብሻል፣ መብቱ ስለሆነ። ቢጫ አልማዝ ምልክት ካየሽ ቅድሚያው ያንቺ ነው፤ ምልክቱ ከተሰረዘ አብቅቷል ማለት ነው። ቀይ ጠርዝ ያለው የመንደር ስም ሰሌዳ ስታልፊ ደግሞ ሌላ ቁጥር ካልተጻፈ በቀር ከ50 በላይ መንዳት የለም። ፍጥነቱን የሚነግርሽ ስሙ ራሱ ነው። ይሄን ካወቅሽ በኋላ ያምራል፤ ሁሉም ይጠብቅሻል፣ ማንም ጡሩምባ አይነፋብሽም።

አሁን ወደ ነገሬ።

ትናንት ኮንክ ወደምትባል መንደር ስሄድ ስልኬ ከዋናው መንገድ አውጥቶ አንዲት ቀጭን መንገድ ውስጥ ከተተኝ። ሁለት መኪና አያሳልፍም። በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል ጫካውን አልፎ ገደል። ቁልቁለቱ አያልቅም፣ ኩርባው አያልቅም። እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሳሁም። ትንሽ እንደሄድኩ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ፍሬኑም እየለሰለሰ መጣ። ሶስዬ፣ ያን ሽታ የማላውቀው መሰለሽ? እጄ በላብ ከመሪው ላይ ሊንሸራተት ምንም አልቀረው። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ዳር ላይ ቆምኩ።

ከታች ትራክተር መጣ። አንድ ትልቅ ሰው፣ አባቴን የሚያክል። የኔን ፈረንሳይኛ ታውቂዋለሽ፣ የሱም ቶሎ ቶሎ ነው። ጎማዬን አሸተተ። ሳቅ አላለም። ፍሬኑ እስኪበርድ አብሮኝ ቆመ። ከዚያ ሁለት ጣቱን አሳየኝ፣ ሁለተኛ ማርሽ ማለቱ ነው። እግርሽን አንሺ አለኝ በእጁ። ትራክተሩን ወደኋላ አስጠግቶ አሳለፈኝ።

ሁለተኛ አስገባሁና ለቀቅኩት። ሞተሩ ጮኸ፤ እንደ ቁጡ ነገር አጓራ። መኪናዋ ግን ያዘች። ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ፍሬን ሳልረግጥ፣ ሞተሩ ራሱ ቁልቁለቱን ይዞ አወረደኝ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ሶስና። ያን ቀን ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ ከመጋጨታችን በፊት የሰማሁት እሱን ነው። እኔ ያኔ መንዳት አላውቅም። ሞተሩ ሲጮህ ነዳጅ የረገጥሽ መሰለኝ። ሰዉም ሁሉ ፈጥና ነው አለ። አጎትሽም መኪናው ደህና ነበር አለ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ዝም አልሽ። እኔም እስከ ትናንት ድረስ መሪው ያመለጠሽ ይመስለኝ ነበር።

አልነበረም። ፍሬኑ እንቢ ሲልሽ ማርሽ ቀንሰሽ ነው። መኪናውን በሞተር ልትይዢው ነው የሞከርሽው። አልይዝ ሲልሽ ወደ ተራራው አዞርሽው። ሌላው ወገን ምን እንደነበር አይቻለሁ። አራታችንንም ከነነፍሳችን ያቆየሽን አንቺ ነሽ፤ ያን ሁሉ ያደረግሽው ደግሞ በጉም ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ ነው። ኮንክ እስክደርስ ድረስ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት።

ለምን አልተናገርሽም? አጎትሽን ላለማሳፈር ነው? ወይስ አንቺም የነሱን አመንሽ? ይሄን በስልክ ልጠይቅሽ አልቻልኩም፣ ድምፄ ይቆረጣል። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ምናልባት እንዲነሳብሽ አትፈልጊም። እንደዚያ ከሆነ... አላውቅም። ግን እኔ ካወቅኩ በኋላ ዝም ማለት አልችልም።

ኮንክ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ተራራው ጎን ላይ ተለጥፋ፣ ጣሪያዋ ሁሉ ጥቁር የድንጋይ ክዳን። ቤተ ክርስቲያኑ የቅድስት ፎይ ነው፤ እንደ ሕፃኑ ቂርቆስ በልጅነቷ ሰማዕት የሆነች ናት። ከበሩ በላይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ የተቀረጸ የፍርድ ቀን አለ። ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ሲመዝን ሰይጣን ሚዛኑን በጣቱ ሊጫነው ይሞክራል። ማታ ከጸሎት በኋላ አንድ መነኩሴ ለተሰበሰበው ሰው ቆሞ ያስረዳል። ውስጡ ያሉት መስታወቶች በ1994 በእነሱ አቆጣጠር የገቡ የሠዓሊው የሱላዥ ሥራዎች ናቸው፤ የዚሁ አካባቢ፣ የሮዴዝ ከተማ ልጅ ነው። ቀለም የላቸውም፣ ብርሃኑ ግን ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። ድሮ እስረኞች ሲፈቱ ሰንሰለታቸውን አምጥተው ለቅድስቲቱ ይሰጡ ነበር። የመቅደሱ የብረት አጥር ከነዚያ ሰንሰለቶች ተሠራ ይላሉ። አጥሩ አጠገብ ብዙ ቆሜ ስላንቺ ጸለይኩ። ሻማም አበራሁልሽ።

እንግዲህ የማስቸግርሽ ይሄ ነው። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነይ። ከቦሎኛ እስከ ቱሉዝ ያለውን እኔ እከፍላለሁ፣ አትከራከሪኝ። ልጆቹን ለባለቤትሽ ተይለት፣ ሳምንት አያልቁበትም። አንቺ አትነጂም። ካርታም አላስይዝሽም፤ ካርታ ስትይዢ የት እንደምንደርስ አይቻለሁ። ጎኔ ተቀምጠሽ ማርሹን ብቻ ትነግሪኛለሽ። ናዣክ አድረን፣ ያን ቁልቁለት አብረን እንወርዳለን። መሃል ላይ አቁሚ ካልሽኝ አቆማለሁ፣ ተመለሺ ካልሽኝ እመለሳለሁ።

ፈረቃዬን ማስቀየር ስላለብኝ የሚመችሽን ቀን እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ላኪልኝ። ለመምጣት ባትችዪ እንኳ ጻፊልኝ። ከተናደድሽብኝ ደግሞ ደውዪና ተቆጪኝ፣ ስልኬ ያው ነው።

ሐና