የአሜሪካን ታሪክ ስትጽፉ ወንዙን አትርሱት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጥቁር አሜሪካውያን ባርነትን ያስቀረውን የሊንከንን ፓርቲ፣ ሪፐብሊካኑን፣ ትተው ወደ ዴሞክራቶች እንዴት እንደዞሩ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ከላይ እስከ ታች የፕሬዚዳንቶች ስም ብቻ ነው። ሪፐብሊካኑ ሁቨር እንዲህ አለ፣ ዴሞክራቱ ሩዝቬልት እንዲህ አደረገ። ሕዝቡ የት ይኖር ነበር? ምን ዓይነት መሬት ላይ? ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ የለም። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በ1927 የደረሰውን የሚሲሲፒ ወንዝ ጎርፍ (ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሳያነሱ ይህን ታሪክ መጻፍ ጎዶሎ ነው።

ሚሲሲፒ የ31 ክፍለ ግዛቶችን ውኃ፣ ከካናዳም ጭምር፣ ሰብስቦ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያወርዳል። ከሮኪ ተራሮች የተነሳውም ከአፓላቺያን የተነሳውም ውኃ መውጫው አንድ ነው። በእሱና ያዙ በሚባለው ወንዝ መካከል ያለው ዴልታ የሚባለው ሜዳ ደግሞ ጎርፍ ለሺህ ዓመታት እየተመላለሰ ደለል ያነጠፈበት፣ ለጥጥ እጅግ የተመቸ መሬት ነው። ጥጥ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ከባርነት የወጡት ሰዎች ልጆች እዚያው ጭሰኛ ሆነው ቀሩ፤ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ይካፈላሉ፣ ዕዳው ግን አያልቅም። አፈሩን ያዳበረው ጎርፉ ነው፤ እርሻው እንዲኖር ግን ጎርፉ መቅረት ነበረበት። ስለዚህ ወንዙን ግራና ቀኝ በአፈር ግድብ አጠሩት። መሐንዲሶቹም ወንዙ ከጠበበ የራሱን ወለል እየቦረቦረ ይጠልቃል፣ ማስተንፈሻ አያስፈልገውም ብለው ያምኑ ነበር።

ተሳስተዋል። ዝናቡ በኦገስት 1926 ገደማ ጀምሮ ለወራት ወረደ። ኤፕሪል 21 ቀን 1927 ሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ውስጥ ካለችው ከግሪንቪል ከተማ በስተሰሜን፣ ማውንድስ ላንዲንግ የሚባለው ቦታ ላይ ግድቡ ተደረመሰ። ሌላም ብዙ ቦታ ተሰበረ። ወደ 70,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ውኃ ዋጠው፣ ከ600,000 በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግሪንቪል ላይ የሆነው ነው። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ከውኃው በላይ የቀረው ደረቅ መሬት ግድቡ ራሱ ነበር። ከ10,000 በላይ ጥቁሮች እዚያ ጠባብ አፈር ላይ ሰፈሩ። ሰው የሚያወጡ መርከቦች መጡ። የእርዳታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዊል ፐርሲ ጥቁሮቹም ይውጡ ብሎ ነበር፤ አባቱ ሌሮይ ፐርሲና ሌሎቹ ባለመሬቶች ግን እነዚህ ሰዎች አንዴ ከሄዱ አይመለሱም፣ ጥጡን ማን ይለቅማል ብለው አስቀሩት። ነጭ ሴቶችና ሕፃናት ተጭነው ሄዱ። ጥቁሮቹ ብሔራዊ ዘቡ በጠመንጃ እየጠበቃቸው የቀይ መስቀልን እርዳታ ከመርከብ ሲያራግፉ ከረሙ። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ደግሞ ባለባንኮቹ ከተማችን እንዲተርፍ ብለው ከታች ያለውን ግድብ በዲናሚት አስፈነዱት፤ የሁለት አውራጃ ገጠር ሕዝብ ቤቱን አጣ፣ ቃል የተገባለትንም ካሳ በአብዛኛው አላገኘም።

እንግዲህ ሁቨር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የንግድ ሚኒስትር ሆኖ የእርዳታውን ሥራ መራ፣ ስሙ በየጋዜጣው ገነነ፣ በ1928 ፕሬዚዳንት ተባለ። በሰፈሮቹ ስለሚደርሰው በደል ወሬው ሲወጣ የተስኪጊ የጥቁሮች ኮሌጅ ኃላፊ የነበረውን ሮበርት ሞተንን የጥቁሮች አማካሪ ኮሚሽን እንዲመራ አደረገው። ሞተን የደረሰበትን በይፋ እንዳያወጣ ተለመነ፤ ለጥቁር ገበሬዎችም መሬት የሚያስገኝ ዕቅድ እንዳለ ተነገረው። ሁቨር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ዕቅዱ የትም አልደረሰም። የኢኮኖሚ ድቀቱና የሩዝቬልት ፕሮግራሞች ከዚህ የበለጠ ክብደት እንደነበራቸው አልክድም፤ ጥቁሮች በሪፐብሊካኖች ላይ የነበራቸው እምነት መሰንጠቅ የጀመረው ግን እዚያ ግድብ ላይ ነው እላለሁ።

ጽሑፋችሁ ያላየው ሌላም ነገር አለ። ደቡብ ያለ ጥቁር በአብዛኛው አይመርጥም ነበር፣ አያስመርጡትም። ስለዚህ ሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ውስጥ ቢናደድ ድምፁ የትም አይቆጠርም። ድምፅ የሚያገኘው ሲሰደድ ነው፤ የት እንደሚሰደድ የሚወስነው ደግሞ የባቡር ሐዲዱ ነው። የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ከሚሲሲፒ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ሄዶ ቺካጎ ከተማ ይገባል። ከካሮላይናና ከጆርጂያ የተነሳው ወደ ፊላዴልፊያና ኒው ዮርክ ሄደ፣ ከሚሲሲፒ የተነሳው ቺካጎ ገባ። ስደቱ ከጎርፉ በፊትም ነበር፤ ጎርፉ አባሰው። ጥቁሮቹ የሰፈሩበትን የቺካጎ ክፍል፣ ሳውዝ ሳይድን፣ ብቻ ብታዩ ለውጡ ወለል ብሎ ይታያል። በ1928 ሪፐብሊካኑን ኦስካር ዲፕሪስትን ለኮንግረስ መረጡ። በ1934 ያው ወረዳ ዲፕሪስትን አውርዶ አርተር ሚቸልን ላከ፤ ኮንግረስ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ዴሞክራት እሱ ነው። ሁለቱም አላባማ የተወለዱ፣ ከደቡብ የመጡ ሰዎች ናቸው።

የ1936ቱን ምርጫ በሚቀጥለው ክፍል እንደምታነሱ ጽፋችኋል። እባካችሁ ያኔ ወንዙንና የባቡር መስመሩን አንድ ላይ የሚያሳይ ካርታ ከጽሑፉ ጎን አትሙ። ፎቶ ለማስገባት ቦታ ከጠበበ የሁቨርን ፎቶ ቀንሱት።