ከአቡጀዲው ፊት፦ የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ የፎቶግራፍ ክበባችን በአንድ ሥራ ላይ ነው የከረመው፤ ሰውን ከፎቶው ጀርባ (ባክግራውንድ) ቆርጦ ማውጣት፣ ያውም በስልክ ብቻ። ሐሳቡን ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ተመራቂዎች ባነር በየዓመቱ ውጭ ነበር የሚሠራው። ተሠርቶ ሲመጣ የአንዱ ጆሮ ይጎድላል፣ የሌላዋ አፍሮ ዙሪያው ተከርክሟል። ለልጆቹ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወላጅ፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ባነሩ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል። «ቲቸር፣ እኛ ብንሠራውስ?» አሉኝ። መስከረም ላይ በዚሁ ተስማማን።

ትምህርት ቤታችን ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቅድ፣ አስተዳደሩ ዓርብ ከሰዓት በኋላን ለክበቡ ለቀቀልን። ስልኮቹ ጠዋት በር ላይ ተመዝግበው ይቀመጣሉ፤ ክበቡ ሲጀመር ይወጣሉ። ስልክ የሌላቸው ልጆችም ስላሉ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩ አደረግን። ቸግሮን የጀመርነው አሠራር ዓመቱን ሙሉ ጠቀመን። አንዱ በጣቱ ሲቆርጥ ሌላው ጠርዙን ያያል። ቆራጩ ያላስተዋለውን ጓደኛው ይይዘዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ስልኩ ሰውን ከግድግዳ በምን ይለያል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር ጊዜ ሰጠነው። መተግበሪያው ውስጥ ያለው ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም፣ ሰዎች ጠርዛቸውን ያሰመሩባቸውን እጅግ ብዙ ፎቶዎች አይቶ የተለማመደ ነው። አዲስ ፎቶ ሲሰጠው ፎቶው ለተሠራበት ለእያንዳንዱ ጥቃቅን ነጥብ (ፒክስል) «ይሄ የሰውየው ነው ወይስ የጀርባው?» እያለ ይገምታል። ግምቱ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። 0 ማለት ጨርሶ የማይታይ፣ 255 ማለት ሙሉ በሙሉ የሚታይ ነው። በመካከል ያሉት ቁጥሮች በከፊል የሚያሳልፉ ናቸው። ይህ የቁጥር ንብርብር አልፋ ቻናል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የኮምፒውተር ግራፊክስ ባለሙያዎቹ ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሠሩ ያመጡት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ካወጣው አይኦኤስ 16 ጀምሮ አይፎን ላይ ፎቶውን በጣት ጫን አድርጎ መያዝ ብቻ ሰውየውን ከጀርባው ያላቅቀዋል። የእኛ ልጆች ስልኮች በአብዛኛው አንድሮይድ ናቸው። ፒክሳርትንና የመሳሰሉትን ተጠቀሙ። መጀመሪያ መተግበሪያው ይቆርጣል፣ ከዚያ ጣት ያርማል።

ጥቅምት ላይ ያላሰብነው ሥራ መጣ። የዲቪ ሰሞን ነበር። «የእነ እንትና ልጅ ባክግራውንድ ታጠፋለች» የሚለው ወሬ ሰፈር ገባ። ጎረቤት ሁሉ ጉርድ ፎቶውን እየላከ «ጀርባውን ነጭ አድርጉልኝ» ይል ጀመር። መመሪያውን ከልጆቹ ጋር አነበብነው። ጀርባው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚጠጋ ይሁን ይላል። ምስሉ ካሬ ሆኖ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ፋይሉ ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ፣ ፎቶው ከስድስት ወር ወዲህ የተነሳ፣ መነጽር የሌለበት መሆን አለበት። መልክን የሚቀይር የዲጂታል ማስተካከያም አይፈቀድም። ስልክ ሲቆርጥ ደግሞ ጆሮና ፀጉር ላይ እንደዋዛ ይበላል። ስለዚህ ለሁሉም መልሳችን አንድ ሆነ፤ አንቆርጥም፣ እንደገና እናነሳለን።

ለዚሁ ሲባል ነጭ አቡጀዲ ገዝተን በረንዳው ላይ ወጠርን። ተነሺው ጥላው እንዳያርፍበት ከጨርቁ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ይቆማል። ቀኝና ግራ ጉንጩ እኩል እስኪበራ ቦታውን እናስተካክላለን። የጎረቤቶቹን ጉርድ ፎቶ በዚህ መንገድ ጨረስን። ከዚያ አንዱ ልጅ እነዚያኑ ፎቶዎች ለልምምድ ሊቆርጣቸው ሞከረ። በአንድ ንክኪ ወጡለት፤ ጆሮም ፀጉርም አልጎደለም። ስለ ጠርዝ ብዙ ያስተማርኩ ቢሆንም፣ ጥሩ ቆረጣ የሚጀምረው ፎቶው ሳይነሳ መሆኑ ለልጆቹ የገባቸው የዚያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ «በምን እናርመው?» ከማለታቸው በፊት «የት እናቁመው?» ማለት ጀመሩ። የክበቡ ትልቁ ውጤት እኔ እንደማየው ይህ ነው።

ህዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ትምህርት ቤቱ በባህል ልብስ ደመቀ። ለግድግዳ ጋዜጣ የሚሆን ፎቶ የማንሳቱ ኃላፊነት የእኛ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነጠላዋን አጣፍታ አረንጓዴው ግድግዳ ፊት ተነሳች። መተግበሪያው ቆረጣት። ፊቷ፣ እጇ፣ ቀሚሷ ጥርት ብሎ ወጣ። ነጠላው ግን ሙሉ አይደለም። ትከሻዋ ላይ የተደራረበው አለ፤ ከክንዷ ወደ ታች የወረደው ጫፍ ከነጥለቱ ተጥሏል። ሁለት ልጆች ፎቶውን በጣም አጉልተው፣ የተቆረጠውን የሚመልሰውን የመተግበሪያውን ብሩሽ አሳንሰው ጥለቱን በጣታቸው መለሱት። ጥለቱ ሲመለስ አረንጓዴው ግድግዳም አብሮ መጣ፤ በክሮቹ መሃል ይታያል። ቡናማ ጀርባ ላይ ሲለጠፍ ነጠላው የታጠበ አልመስል አለ።

ነጠላ የምንለብሰው ስሱ ስለሆነ ነው። ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፣ ሙሉ በሙሉም አያሳልፍም። ቦታው ከ0 እና ከ255 መሃል ነው። መተግበሪያው ግን ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ከነግድግዳው ያስቀረዋል። ልጆቹ ወደ አቡጀዲው ወሰዷት። ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን ጠርዙ ጭራሽ ጠፋ። በመጨረሻ አንዱ ከጥበቃው ቤት ግራጫ ብርድ ልብስ ተውሶ መጣ። ግራጫ የራሱን ቀለም አያሳብቅም፤ በክሮቹ መሃል ቢታይም ጥላ እንጂ ቀለም አይመስልም። ከዚያ የብሩሹን ጥንካሬ ወደ ግማሽ ዝቅ አድርገው የነጠላውን ጫፍ በዝግታ መለሱ። ልጅቷ ከነጥለቷ፣ ከነስሱ ጨርቋ ወጣች። ያ ፎቶ አሁንም ግድግዳ ጋዜጣው ላይ አለ። ሂዱና ከቅርብ እዩት።

ፀጉር ላይም ብዙ ለፍተናል። ጥቁር ፀጉር ጥቁር ሰሌዳ ፊት ከተነሳ ስልኩ የሚለይበት ነገር የለውም፤ አፍሮው ተበልቶ ይወጣል። ነጭ ጨርቅ ፊት የተነሳው ደግሞ ጥቁር ባነር ላይ ሲለጠፍ ዙሪያው ነጭ መስመር ይዞ ይቀራል። መፍትሔው የሚለጠፍበትን ጀርባ አስቀድሞ ማወቅና ወደዚያ የሚጠጋ ጨርቅ ፊት ማንሳት ነው። ሹሩባ ግን ለመቁረጥ ምቹ ነው፤ ጫፎቹ ብቻ ትንሽ ጣት ይፈልጋሉ።

የተቆረጠ ምስል ሲቀመጥና ሲላክም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት ባዶ ጀርባ መያዝ አይችልም፤ ባዶውን በቀለም ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፒኤንጂ ግን ይችላል። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ አለበት። ይህን የተማሩት ልጆች ለገና የየራሳቸውን ስቲከር ሠሩ። አንደኛው ጎን 512 ፒክስል፣ ጀርባው ባዶ። የ«መልካም ገና» ስቲከራቸው በትምህርት ቤቱ ግሩፕ ውስጥ ሲዘዋወር ሰነበተ።

ስቲከሩ ሲበዛ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ሰውን ከቦታው ማውጣት የሚችል ልጅ፣ ያልነበረበት ቦታ ማስገባትም ይችላል። የታሪክ መምህራችንን ጋበዝን። መምህሩ ስታሊን በሞስኮ ቦይ ዳር የተነሳውን ፎቶ በሁለት መልኩ ይዞ መጣ። በአንደኛው የምስጢር ፖሊሱ አለቃ የነበረው ኒኮላይ ዬዦቭ አጠገቡ አለ። ዬዦቭ እ.ኤ.አ. በ1940 ተገደለ። በሌላኛው ፎቶ ቦታው ላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ያኔ ስልክ የለም፤ ሥራው በእጅ ነው። ልጆቹ ብዙ ተከራከሩ፤ ከዚያም የክበቡን ደንብ ራሳቸው ጻፉ። ማንም ሰው ሳይፈቅድ አይቆረጥም። ያልነበረበት ቦታ የነበረ አስመስሎ ማቅረብ አይቻልም። በቀልድም ቢሆን የጓደኛን ፊት ሌላ ገላ ላይ የለጠፈ ከክበቡ ይወጣል። ደንቡ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ግንቦት ላይ ወደ ባነሩ ገባን። መሬቱ ላይ በጠመኔ የእግር ምልክት አደረግን። ሁሉም ተመራቂ እዚያው ቆሞ፣ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ፣ በአንድ አቅጣጫ ብርሃን ተነሳ። ብርሃኑ ካልተመሳሰለ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሰዎች በተለያየ ቀን የተነሱ ይመስላሉ። ጋዋኑ ጥቁር ስለሆነ ከኋላ ግራጫውን ብርድ ልብስ ሰቀልን። የምስሉ መጠንም አከራከረን። ብዙዎቹ ነፃ አገልግሎቶች አሳንሰው ነው የሚመልሱት። 500 በ500 ፒክስል የሆነ ምስል በኢንች 100 ነጥብ ሲታተም ስፋቱ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እኛ ለእያንዳንዱ ተመራቂ 30 ሴንቲሜትር ፈልገናል፤ ያ ወደ 1200 ፒክስል ይጠይቃል። ስለዚህ ልጆቹ ሙሉውን ፎቶ ስልካቸው ላይ ራሳቸው ቆረጡ። ከባዱ የባርኔጣው ክር ነበር። እሱን በጣት እየተከተሉ ነው ያወጡት።

ባነሩ በወላጆች በዓል ቀን ተሰቀለ። ጆሮ የጎደለው የለም። አንዲት እናት የልጃቸውን ምስል በጣታቸው እየተከተሉ «የሹሩባዋ ጫፍ እንኳ አለ!» ሲሉ አጠገባቸው የነበሩት የክበቡ ልጆች ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። እኔም እንደነሱው።

ለ2018 ዓ.ም. ግራጫ ጨርቅ በሜትር እንገዛለን፤ ብርድ ልብሱ ለጥበቃው ተመልሷል። የማይንቀሳቀስ ፎቶ ስለለመድን ከቪዲዮ ላይ መቁረጥ እንሞክራለን፤ ለቪዲዮ የተለመደው አረንጓዴ ጨርቅም ያስፈልገናል። የማትጠቀሙበት ግን ካሜራው የሚሠራ ስልክ ያላችሁ ወላጆች ለክበቡ ብትለግሱ በደስታ እንቀበላለን። ምዝገባው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ነው። ስልክ የሌለው ተማሪም ይመዝገብ፤ እንደ ዘንድሮው ሁለት ሁለት ሆነን እንሠራለን።