ለልጄ፦ በፈቃድ ስለተሰጠው መሥዋዕት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ንጹሑ ክርስቶስ በበደለኛ ፈንታ መሞቱ እንዴት ፍትሕ ይባላል ብለሽ የጻፍሽልኝን ጥያቄ ከእምነት ማነስ አልቆጠርሁትም፤ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ተናግሯልና። ዳኛ ያልበደለውን ሰው አስይዞ በግድ በሌላው ምትክ ቢሰቅለው፣ ያ ግፍ እንጂ ሥርየት አይሆንም።

በዘሌዋውያን 16 እንደተጻፈው፣ በማስተስረያ ቀን ከሁለት ፍየሎች አንዱ ይሠዋል፤ ሊቀ ካህናቱ በሁለተኛው ራስ ላይ እጆቹን ጭኖ የሕዝቡን በደል ከተናዘዘ በኋላ ፍየሉ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ፍየሉ ግን ለምን እንደሚነዳ አያውቅም፤ እሺም እምቢም ማለት አይችልም። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 10 የእንስሳት ደም ኃጢአትን ሊያስወግድ አይችልም ካለ በኋላ፣ ወዲያው ክርስቶስ የአባቱን ፈቃድ ሊያደርግ እንደመጣ የሚናገርበትን ቃል ማምጣቱ፣ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

በዮሐንስ 10 ጌታ ራሱ ነፍሱን በፈቃዱ እንደሚያኖራት፣ ማንም ከእርሱ እንደማይወስዳት ይናገራል። ሊይዙት በመጡ ጊዜም ከዐሥራ ሁለት ጭፍራ የሚበልጡ መላእክትን ከአባቱ ሊለምን ይችል ነበር፤ አልለመነም። ይህ ማለት ግን ሞት ቀሎለት ነበር ማለት አይደለም፤ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝናለች፣ ጽዋውም እንዲያልፍ ለምኗል፤ እሺታው ከዚያ ጭንቀት መካከል የወጣ በመሆኑ ነው ክብደቱ።

የተቈጣ አብ በገር ልጁ ላይ ቅጣቱን እንደጣለ አድርገው የሚያስተምሩትን አትቀበዪ። ጳውሎስ እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ እንደነበር ጽፏል፤ ስለዚህ ክርስቶስ ከውጭ የተጠራ ሦስተኛ ወገን አይደለም። አበዳሪ ዕዳ ሲምር ኪሳራውን ራሱ እንደሚሸከም ሁሉ፣ ይቅር ባዩ ራሱ ነው ዋጋውን የከፈለው።

የመስቀሉን ትርጉም ሲያስረዱ፣ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን መምህር የነበረው አንሰልም በ11ኛው መቶ ዘመን ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር ስለመካስ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሌላው መምህር አቤላርድ ደግሞ ልብን ስለሚማርክ ፍቅር አስተማሩ፤ የቀደሙት አባቶችም በሞት ላይ ስለተገኘው ድል አብዝተው ተናግረዋል። ፈቃደኝነቱን ካወጣንበት ግን አንዱም የሚቆም አይመስለኝም።

ስለዚህም፣ ልጄ፣ የክርስቶስን መስቀል ጠቅሶ የሌላ ሰው ግፍ ተሸክመሽ ዝም እንድትዪ የሚያዝሽ ቢኖር፣ የሚጠይቅሽ ይህን መሥዋዕት አይደለም፤ ክርስቶስ የሰጠው የራሱን ነፍስ ነው እንጂ የሌላውን አይደለምና።

አባትሽ