ወደ ላሊበላ በአውሮፕላን ለሚጓዙ ደንበኞቻችን፦ የሌሊቱን ጉዞ ስለማቆማችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከዘንድሮ ጥቅምት ጀምሮ ወደ ላሊበላ የሚበሩ መንገደኞቻችን እንደ ቀድሞው በበረራው ዕለት ሌሊት ከመነሣት ይልቅ በዋዜማው ከደብረ ብርሃን ተነሥተው አዲስ አበባ እንዲያድሩ መወሰናችንና የአልጋው ዋጋ በጉዞው ሒሳብ ላይ መጨመሩ ብዙዎቻችሁን እንዳስቆጣ ሰምተናል። አስቀድመን ባለማሳወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን። «ለትርፋቸው ነው» መባሉ ግን ስላሳዘነን ምክንያታችንን ማስረዳት ግድ ሆኖብናል።

ከቅሬታዎቹ ሁሉ የከነከነኝ «አየር ማረፊያው እያደገ፣ አውሮፕላኑ እየተለቀ ሲሄድ የእናንተ አገልግሎት ለምን ወደ ኋላ ይጎተታል?» የሚለው ነው። ያን አየር ማረፊያ ከአስፋልቱ በፊት አውቀዋለሁ። በ1986 ዓ.ም. ጥር ወር እናቴን ይዤ በትንሿ ትዊን ኦተር አውሮፕላን ስሄድ ያረፍነው በአፈር ላይ ነበር፤ አቧራው መስኮቱን ሲሸፍነው እናቴ «አሁንም ደመና ውስጥ ነን?» ብላ ጠየቀችኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ አብያተ ክርስቲያናቱም በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ በኋላ እንኳ፣ ላሊበላ በአየር የምትደረሰው በበጋ ብቻ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሜዳው ይጨቀይና በረራው ይቋረጣል።

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ማኮብኮቢያው አስፋልት ሲለብስ ይህ ቀረ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ስለሚጠጋና በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከአስፋልቱ በኋላ ነው ፎከር 50፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም ሰባ ያህል ሰው የሚይዘው ኪው 400 በዚያ ሊመላለሱ የቻሉት። ይህን ሁሉ ለውጥ በደስታ አይቻለሁ፤ ድርጅቴንም በአንዲት ያገለገለች ሚኒባስ የጀመርኩት በእሱ ተማምኜ ነው። ነገር ግን የአየር ማረፊያው ማደግ ከእኛ ከተማ እስከ ቦሌ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር የሌሊት መንገድ አላሳጠረልንም።

ባለፈው ገና ሰሞን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥተን ሸኖን ሳንደርስ በጉም ውስጥ ጎማ ፈነዳ። ቦሌ የደረስነው መንገደኛ መቀበያው ከተዘጋ በኋላ ነበር። ትኬታቸውን በመሐረብ ቋጥረው የያዙ አንዲት እናት እጄን ይዘው «በል እንጂ ልጄ፣ ደውልለትና ትንሽ ይጠብቀን» አሉኝ። ለገና ትርፍ ወንበር እንደማይገኝ የምታውቁት ነው፤ በማግስቱም አልተገኘም። ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ የቆዩ ሰዎችን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ገንዘባቸውን ከኪሴ ከፈልኩ፤ ያመለጣቸውን ቀን ግን ልመልስላቸው አልቻልኩም። የላሊበላ አየር ማረፊያ ባለበት በሹምሸሃ መንገደኛ ጠብቆ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ከተማ የሚያወጣው መኪናም ባዶውን ቢመለስ ሒሳቡ አይቀርለትም።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ በረራው ሲቋረጥ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም እንደገና ሲቆም፣ የተቀበልነውን ቀብድ ለአንድም ሰው ሳናስቀር መልሰናል፤ ሾፌሮቻችንንም አላሰናበትንም። ይህን የምጽፈው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ምናልባት ትንሽም ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ መኪና ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያም ሆኖ የሚኒባሱን ዋጋ አልነካንም። የአልጋው ሒሳብ ሆቴሉ የጠየቀን ነው፣ ሳንቲም አልጨመርንበትም፤ ደረሰኙ ቢሮአችን ስላለ ማየት ትችላላችሁ።

ከጥቅምት በፊት የከፈላችሁ ተጨማሪ አትጠየቁም። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ማደር የምትፈልጉም የአልጋው ዋጋ ይቀነስላችኋል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት መገናኛ ላይ መገኘት ብቻ ነው። ውሳኔው የማይስማማችሁ እስከ ኅዳር 30 ድረስ ሙሉ ገንዘባችሁን መውሰድ ትችላላችሁ። ወደ ሌላ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ቢሮአችን ጎራ ብላችሁ ብታነጋግሩን ደስ ይለናል፤ አብዛኞቻችሁን በስም አውቃችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን